በሁዳዴ ቋንጣዬን ማን በላው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ለመጻፍ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ትዕግሥቴ አልቋል። ነገሩ የቋንጣ ጉዳይ ነው ብልዎት እንዳይስቁብኝ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ከእማማ ጋር። ለጥምቀት ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተን ነበር። ከደረሰን መደብ ላይ ጥሩ ጥሩውን መርጬ ዘለዘልኩት። ጨውና ሚጥሚጣ አሸሁት፣ ማድ ቤት ገመድ ላይ ሰቀልኩት። የጥር ፀሐይና የእኛ ከተማ ደረቅ ንፋስ አንድ ላይ ከመጡ ቋንጣ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ለፋሲካ ሰሞን ዘመድ ሲሰበሰብ ቋንጣ ፍርፍር የማቀርበው እኔ ነኝ። ይህንን የባለቤቴ ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲያውም አንዳንዱ ለእሱ ብሎ ነው የሚመጣው።

ቅበላ አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ። እኛ ቤት የማይጾም የለም። ትንሹ ልጄ እንኳ ወተት አልጠጣም ብሎ ያስቸግረኛል። ታዲያ በዚህ ቤት ቋንጣው መሳሳት ጀመረ።

መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠርኩ። ግን ድመት ከዳር ያለውን ቀጭን ቀጭኑን መርጣ፣ የቀረውን አቀራርባ፣ ክፍተቱን አትሸፍንም። ቀጥሎ አይጥ ነው አልኩ። አይጥ ደግሞ በርጩማ አያስፈልገውም። በርጩማው ግን ሁልጊዜ ከቦታው ተነሥቶ ገመዱ ሥር አገኘዋለሁ። ልጆቼ በርጩማ ላይ ቢወጡም አይደርሱም። አንድ ቀን ቋንጣውን በነጠላ ጠቅልዬ በራሴ አቋጠር ቋጠርኩት። ማታ ስመለስ ያው ቋጠሮ ነው። ስፈታው ጎሏል! ፈትቶ፣ ወስዶ፣ መልሶ የቋጠረ ሰው አለ ማለት ነው። ያውም ከእኔ አሳምሮ።

በመሃል ሠራተኛችንን አሰናበትኳት። ማድ ቤት የምትውለው እሷ ናት፤ ጎረቤቶቼም ቡና ላይ «እሷ ናት እንጂ ሌላ ማን ይሆናል» አሉኝ። አልበላሁም ብላ አልቅሳ ማለች፤ ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል። እማማ፣ እሳቸውም ልጅቷም የመንዝ ሰዎች ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ በር ድረስ ሸኝተው ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሷት። ደግ ሰው ናቸው። ብቻ ያ አለፈ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላም ቋንጣው መጉደሉን አላቆመም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ጉድ ይባስ። የቀረውን ቋንጣ በፌስታል አሰርኩና በበሶ ባልዲ ውስጥ ቀበርኩት። በሶ ውስጥ ቋንጣ የሚፈልግ ማን አለ ብዬ። የሥራ ጣጣ በዛብኝና እኔም ረሳሁት። በዚያ ሰሞን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጡ። ባለቤቴ ደግሞ ቤት የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሲወጣ አይወድም። እኔ በሌለሁበት በሶውን ከነባልዲው አሸከማቸው። ማታ በኩራት ሲነግረኝ ጆሮዬ ጭው አለ። ምን ልበለው? በማግስቱ አባ ራሳቸው መጡ። በር ላይ ቆመው፣ ከጋቢያቸው ሥር ፌስታሉን እንደታሰረ አውጥተው ሰጡኝና «ልጄ፣ ዕቃ ረስተሻል» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ያ ሌባ ነው።

ቋንጣውን መልሼ ሰቀልኩት። እንደ ወጥመድ መሆኑ ነው። ጠዋት ስወጣ ቆጥሬ፣ ለምሳ ስመለስ ቆጥሬ፣ ማታ ቆጥሬ። ነገሩ ግራ ያጋባል። በሥራ ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አይነካም፤ የሚጎድለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሁድ ግን ጠዋት ላይ ይጎድላል። ሰዓት የሚያከብር ሌባ ሰምተው ያውቃሉ?

በቀደም ራሴን አሞኛል ብዬ ከመሥሪያ ቤት ቀደም ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጫማዬን አውልቄ በማድ ቤቱ በር ሥንጥር አየሁ። እማማ በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። ውዳሴ ማርያማቸውን ጨርሰው መጽሐፉን ሳሙት፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ዝልዝል ቋንጣ አወጡ። ጥርስ የላቸውም። በሻይ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ቀድተው ቋንጣውን ዘፈዘፉት። እስኪርስ ድረስ እያዩት ጠበቁ። አማተቡ። ከዚያ እየመጠጡ በሉት፤ ቀይ የሆነውን ውሃም ጠጡት። ብርጭቆውን አጥበው ቦታው መለሱት።

እኔ በጣቶቼ ጫፍ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ።

እትዬ፣ እኚህ ሴት እኮ የቅበላ ዕለት የነበረ ማማሰያ በደንብ አልታጠበም ብለው ድስት ሙሉ ሽሮ ያስደፉኝ ናቸው! ዓሣ ይበላል አይበላም ሲባል ጆሯቸውን ይዘው የሚወጡ ናቸው። ጾሙ ሊገባ ሲል ሐኪም «ደምዎ አንሷል፣ ሥጋና እንቁላል ይብሉ» ሲላቸው «በሁዳዴ? አፈር ልብላ!» ብለው ሐኪሙን ያስደነገጡ። የተሰጣቸውን ኪኒን ሆዴን አመመኝ ብለው ትተውታል። ታዲያ ቋንጣዬን ምን አስመኛቸው?

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ወይ ያፍራል፣ ወይ አያምነኝም። ዝም ካልኩ ደግሞ ቋንጣው አልቆ ዘመድ ፊት ማፈሬ ነው። ሌላም የምጠይቅዎት አለ፤ ትንሽ ነገር ነው። እማማ ፋሲካን መንዝ ታላቁ ልጃቸው ጋ ቢውሉ፣ ከዚያም እዚያው ቢከርሙ ብዬ ለባለቤቴ ባነሣበት ነውር ይሆንብኛል? ምክንያቱን ሳልናገር?

ቋንጣ ቆጣሪዋ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ቋንጣ ቆጣሪዋ፣

እስቲ ጋቢው ላይ እንመለስ።

ደማቸው ያነሰ፣ ጥርስ የሌላቸው እናት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውልቀው ለተባረረች ልጅ ሰጡ። የት ከተማ? ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን። ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት፣ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከመኪና ሲወርድ የሚንዘፈዘፍባት። ደም ያነሰው ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይበርደዋል። አንቺ ይህን «የመንዝ ሰዎች ስለሆኑ ነው መሰለኝ» ብለሽ አለፍሽው። እኔ ሳነበው ኑዛዜ ነው። አፋቸው «እኔ ነኝ» ማለት ቢያቅተው እጃቸው ተናገረ። በር ድረስ የሸኙት፣ ጋቢ ያለበሱት፣ በእሳቸው ምክንያት የምትሄድ ልጅ ስለነበረች ነው።

አንቺስ? ስለ ድመቷና ስለ አይጡ የጻፍሽው ስለ ልጅቷ ከጻፍሽው አያንስም። ስንት ዓመቷ ነው? ከማን ጋር ሄደች? የወሩ ደመወዟ ተሰጥቷታል? አንዱንም አልነገርሽኝም። «ብቻ ያ አለፈ» አልሽ። ለማን ነው ያለፈው?

በቤት ሠራተኛ ጉዳይ እኔ ሚዛን አልይዝም፤ ይህን ዓምድ የሚያነቡ ያውቁታል። ስለዚህ ልቆጣሽ ነው፣ ቻይው።

ያቺ ልጅ ሌባ ብቻ አይደለም የተባለችው። በሁዳዴ ሥጋ በላች ተብላለች። የመንዝ ልጅ ናት፤ ይህ ስም አገሯ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ከአማትሽ ጠይቂ። ቋንጣ ሰርቃ፣ ያውም በዓቢይ ጾም በልታ ተባረረች የሚል ወሬ ከእሷ ቀድሞ ነው የሚገባው። ማን ቤቱ ያስገባታል? ማንስ ለልጁ ያጫታል? ከዚያ በኋላ ቋንጣው መጉደሉን እንደቀጠለ አየሽ። ሌባው ማን እንደሆነ በዓይንሽ አየሽ። ያኔ እንኳ «ለካ ያቺ ልጅ አልነበረችም» የሚል አንድ መስመር አልጻፍሽም። የጠየቅሽኝ ስለ ፋሲካ ፍርፍር ነው።

አቤት ማለትም እንደሌላው ሠራተኛ አይቀልላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ በሌላ ደንብ ይታይ ብሎ ለብቻ ትቶታል። ፋብሪካ ብትሠራ ኖሮ ያለ ማስረጃና ያለ ማስጠንቀቂያ አባረሩኝ ብላ የምትከራከርበት ሕግ ነበራት። የአንቺ ማድ ቤት ውስጥ ስለሠራች የቀራት ይበልጡን የአንቺ ህሊና ነው። እሱም ቋንጣ ሲቆጥር ከረመ።

ይኸው ተቆጣሁ። አሁን ወደ እማማ።

አንቺ የጻፍሽልኝ ጾም ስለ ገደፈች ሴት ነው። እኔ ያነበብኩት ሌላ ነው። ሰዓቱን ተመልከቺ። በሥራ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይነኩትም። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ላይ ይጎድላል አልሽ። በእነዚህ ሁለት ቀናት ከጥሉላት እንጾማለን እንጂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህል መቆየት የለም፤ ከዚህ የምትለየው ቅዳም ሥዑር ብቻ ናት። ሌባሽ ሥርዓቱን ከእኔም ከአንቺም አጥርቶ ያውቃል! ሰዓቱን ይጠብቃሉ፣ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ አማትበው ይበላሉ። ከ55ቱ ቀን ሕግ አንዱን ብቻ አልቻሉም፤ እሱም ሐኪም ተው ያላቸው ነው። የሚወስዱትም ከዳር ያለውን ቀጭን ቀጭኑን ነው። ወፍራሙን ለእንግዶችሽ ትተውልሻል።

«ምን አስመኛቸው» ብለሽ ጠይቀሻል። ምኞት እንዳይመስልሽ። ጥርስ የሌለው ሰው የደረቀ ቋንጣ አያምረውም። ሐኪሙ ያለው ጆሯቸው ውስጥ ቀርቷል፤ ፈርተዋል። ሰውነት በሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት ከሽሮና ከምስር ካለው በቀላሉ ይወስደዋል። ይህ ማለት የጾም ምግብ አይረባም ማለት አይደለም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ሲደረግ ብረቱ ይበልጥ ይወሰዳል። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ግን ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ቡናውን ከማዕዱ ራቅ አድርጊላቸው። ኪኒኑ ሆዳቸውን ካመማቸው ሐኪሙ ጋ ይመለሱ፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። በዚያ ዕድሜ ደግሞ ደም የሚያንሰው በምግብ ምክንያት ብቻ አይደለም። አንጀትና ጨጓራ ውስጥ ቀስ እያለ የሚደማ ነገርም ሊኖር ስለሚችል በደንብ ይመርመሩ። በቀን አንድ ዝልዝል ቋንጣ ያንን አይመልስም።

እስከዚያው ገመዱን ዝቅ አድርጊው። ደማቸው ያነሰ አሮጊት ራሳቸውን እያዞራቸው በርጩማ ላይ ሲወጡ እየቆጠርሽ መጠበቅ ምን ይሉታል? አጥንታቸው ቢሰበር ቋንጣሽ ይጠግነዋል?

ጾሙንስ? ለእሱ ሰው አግኝቼልሻለሁ። የአንቺው ደብዳቤ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንቺ ስላፈርሽበት አላየሽውም። በሁዳዴ ከሰው ቤት በወሰዱት በሶ ውስጥ ቋንጣ ያገኙ ቄስ ስንት ነገር ማለት ይችሉ ነበር! ለባለቤትሽ ሊነግሩት፣ በስብከት መሃል ሊያነሱት፣ ጠርተው ሊገሥጹሽ ይችሉ ነበር። እሳቸው በማግስቱ በእግራቸው መጥተው፣ ማንም ሳያይ፣ ሸፍነው መለሱልሽ። እንዲህ ያለ ሰው በየደብሩ አይገኝም። እማማን ለእሳቸው ስጪያቸው።

ሂጂና «አማቴ ታመዋል፣ ሐኪም እንዲህ ብሏቸዋል፣ እሳቸው ግን ጾሜን አልፈታም ብለዋል፤ እርስዎ ቢያናግሯቸው» በይ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ለታመመ ሰው ማድረግ የሚገባውን ለይቶ አስቀምጧል። ምን ያህል እንደሚፈቀድላቸውና በምን እንደሚካካስ ግን የሚወስኑት የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ እኔም አንቺም አይደለንም። ቋንጣ የሚለውን ቃል እንዳትጠሪ። አባ ፌስታሉን አይተዋል፣ የቀረውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

እማማ ከነገሩ ንጹሕ ናቸው አልልሽም። ልጅቷ ስታለቅስና ስትምል ቆመው ሰምተዋል። ዕድሜ ልካቸውን በጾማቸው የታወቁ፣ ለአንድ ማማሰያ ብለው ድስት ያስደፉ ሴት፣ በምራታቸው ፊት «እኔ ነኝ» ማለት ሞት ሆኖባቸዋል። ይገባኛል። አላጸድቅም ግን። ይህንንም ለአባ ተዪላቸው። አንቺ በር ሥንጥር ላይ ቆመሽ እንዳየሻቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አይወቁ።

የአንቺ ድርሻ ልጅቷ ናት። ያመጣትን ደላላ ወይም ዘመድ ፈልጊ። የምትፈልጊበትን ምክንያት ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ፤ «በሐሰት ነው ያባረርኳት» በይ። የቀረ ደመወዝ ካላት ስጪ፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ስላሰናበትሻትም ጨምሪበት። ከዚያ እነዚያኑ ጎረቤቶችሽን ቡና ጥሪ። የፈረዱባት እዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው፤ ስሟም እዚያው ይመለስ። «እሷ አልነበረችም» በይ፣ ሦስተኛው ስኒ ሳይቀዳ። ታዲያ ማን ነው ይሉሻል፤ ሳይሉሽ አይቀሩም። ድመቷ ናት በያቸው። ድመቷ ስሟ ቢጠፋ የሚያጫት አታጣም። በጾም እንዴት እዋሻለሁ ካልሽ ኃጢአቱን በእኔ ላይ አድርጊው፤ እኔ የንስሐ አባት አለኝ።

ለባለቤትሽ ሁለት ነገር ንገሪው። እናቱ ሆስፒታል መመለስ እንዳለባቸው፣ ልጅቷንም ያለ ጥፋቷ እንዳባረርሻት። ሦስተኛውን እማማ ራሳቸው ካልነገሩት በቀር አይወቀው። እጁ ለመስጠት የማያርፍ ሰው ነው ብለሻል፤ ቢያውቀው ነገ በግ አርዶ ፊታቸው ያስቀምጥና ከነጭራሹ ያሳፍራቸዋል።

«ትንሽ ነገር ነው» ያልሽው ጥያቄ ቀረ። የደብዳቤሽ እምብርት እሱ ነው፤ ከቋንጣውም በፊት በሆድሽ የነበረ ይመስለኛል። ከአማት ጋር አንድ ማድ ቤት መዋል ይከብዳል፤ ያ የተደፋ ሽሮም አሁን ድረስ እንደሚያንገበግብሽ ያስታውቃል። ሌላ ዓመት ብትጠይቂኝ ምናልባት አብሬሽ እመክር ነበር። ዘንድሮ ግን አይሆንም። ከጣርማበር ታጥፎ በመዘዞ ወደ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚወጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ የዚያ አገር ብርድ የእናንተን ከተማ ያስንቃል። ሐኪማቸው ደብረ ብርሃን ነው። ጋቢያቸውን ሰጥተዋል። ደማቸው አንሷል። በዚህ ላይ ያለ ምክንያት ከልጃቸው ቤት ሲሸኙ ምክንያቱ ይጠፋቸዋል ብለሽ ነው? አዎ፣ ነውር ይሆንብሻል። አታንሺው። ይልቅ ጥሩ የመንዝ ባና ፈልገሽ ግዢላቸው።

ዘመዶችሽ ለፋሲካ ዶሮ አላቸው። ቋንጣ ፍርፍር ካማራቸው ለከርሞ ይምጡ።

ልጅቷ ከተገኘች ተመለሽ በያት፤ ደመወዟንም ከፍ አድርጊላት። አልመለስም ካለች መብቷ ነው። ሽሮውን ራስሽ ትሠሪያለሽ፣ ማማሰያውንም በደንብ ታጥቢያለሽ።